ሙጪት፣ ቁጭ በይ

እንዲያው እኔን ምን አግብቶኝ ነው? ዕድሜ የጠገበች ሴት ወይ ትመነኩሳለች፣ ወይ ደጃፏ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔ ግን በዚያ በጣሊያን ዘመን፣ ጥርሴ ግማሹ ከረገፈ በኋላ፣ በቁሙ ያለ ሰው ሞተ ብዬ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥሁ። ምከሪን ያለኝ ማንም የለም። ልጄ ደብሬ ዝም ብላ ነበር፤ ባሏ ልየውም ዝም ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲል አልችልም፤ አፌን ይበላኛል። «ቆይ፣ እኔ አንድ ዘዴ አለኝ» አልሁ። ምናለ ያን ቀን ድምፄ ተዘግቶ በዋለ።

ደግሞ ዘዴውን የያዝሁት ከማን ጋር መሰላችሁ? ከልጅ ልጄ ከሙጪት ጋር። ከሙጪት ጋር ምስጢር መያዝ ማለት በወንፊት ውሃ ቀድቶ ዳገት መውጣት ነው።

ሙጪት ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። ልጅ ሁሉ ይሮጣል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ስድስት ወልጃለሁ። የሙጪት ግን ሌላ ነው። ራስጌ ተኝታ ግርጌ ትነቃለች። አንድ ነገር ጀምራ የምትጨርሰው ምሳዋን ብቻ ነው፤ እሱንም ቆማ። አንድ ጠዋት «ስንዱ ቤት ሂጅና እሳት ጭረሽ ነይ» ብዬ ገል አስይዤ ሰደድኋት። ስንዱ ጎረቤቴ ናት፤ ባስነጥስ ትሰማኛለች። ሙጪት የተመለሰችው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ገሉ የለም፤ እሳቱም የለም። እቅፏ ውስጥ ግን ዓይኗን ያልገለጠች የድመት ግልገል አለች።

«እሳቱስ?» አልኋት።

«የቱ እሳት?» አለችኝ።

ውሸቷን እኮ አይደለም። ዓይኗን አየሁት፣ እሳት የሚባል ነገር መኖሩም ከልቧ ጠፍቷል።

ያላደረግሁት የለም። ጸበል ወሰድኋት። አጥማቂው ቄስ ሰባት ቀን አጠመቋትና በሰባተኛው ቀን እጃቸውን እያደራረቁ፣ «ይች ልጅ ሰይጣን የለባትም፤ ሰይጣን ቢሆን እስካሁን ደክሞት ይወጣ ነበር» አሉኝ። ደብተራ ዘንድ ሄጄ ክታብ አሠርቼ አንገቷ ላይ አሰርሁ። ሙጪት ፈትታ ለፍየሏ አሰረችላት። ፍየሏ እውነቴን ነው የምላችሁ ከዚያ ወዲህ ረጋች። የኔታ ዘንድ ሰደድኋት፤ ሰዎች «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ቢሉኝ፣ «ፊደሉን ተዉት፣ ቁጭ ማለቱን ትማርልኝ» አልሁ። ከ«ሀ» እስከ «መ» ድረስ ቆጠረች። «መ» ላይ ስትደርስ ወፍ አየች። ዱላስ እንዳትሉኝ። አህያ በዱላ ብትማር ኖሮ እስካሁን ዳዊት ትደግም ነበር።

ለማንኛውም ነገሩ ከአባቷ ወገን የመጣ ነው። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም። የልየው አያት ሁለት ክረምት አንድ ማሳ ላይ አርሰው አያውቁም ይባላል። እኛ ግን የረጋን ነን። እኔ ለምሳሌ ጥጥ ስፈትል ማየት ነው፤ አምስት እንዝርት አለኝ፣ አምስቱም ላይ ጥቂት ጥቂት ፈትያለሁ። የስንዱ አንድ እንዝርት ብቻ ናት፤ ያችኑ ከጠዋት እስከ ማታ ታሾራለች። እንዴት እንደማይሰለቻት አላውቅም። ስንዱ ከተቀመጠች እንደ ወፍጮ ድንጋይ ናት፤ አራት ሰው ካላነሳት አትነሳም። ግን የሚያምር ነጠላ ታወጣለች፤ በፋሲካ የለበሰችውን ብታዩት...

ምን እያልሁ ነበር? ለቅሶው።

ጣሊያን ማርቆስ ላይ መሽጎ የተቀመጠበት ዘመን ነው። ልየው ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎታል። የእኛን አገር ሹም ደግሞ ጣሊያን ሾመው፤ ወፍራም ካፖርትም ሸለመው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ዛሬም በሬ ያጠምዱልኛል። እሱ ሰውዬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያንን ካፖርት ለብሶ በፀሐይ እያላበው፣ «ልየውን በስምንት ቀን ውስጥ አምጡ። ካላመጣችሁ ቤቱ ይቃጠላል፣ እናንተም ማርቆስ ትወርዳላችሁ» አለን። ማርቆስ የወረደ መመለሱን እንጃ።

ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ገበያ ወርዶ፣ ሙጪትም ወፍ ተከትላ ጠፍታ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ደጄ ደረሱ። ቃሬዛው ላይ ነጠላ የተከናነበች በሽተኛ ተኝታለች። «ጸበል ልናደርሳት ነው፤ ውሃ አጠጡን» አሉ። ውሃ ይዤ ወጣሁ። በሽተኛዋ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ጢም አላት።

ልየው ነው። ጥይት በጭኑ ገብቶ ወጥቷል። አጥንት አልነካም፤ መቆም ግን አይችልም። ዱር ውስጥ ቁስሉ ሊሸትበት ሆነና ጓደኞቹ አመጡት። እንግዲህ አስቡት፤ ሹሙ አምጡት ይላል፣ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ደጄ ተኝቷል። ደብሬ ግድግዳ ተደግፋ ዝም አለች። ልየውም ዝም አለ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

«የሞተ ሰው ማንም አይፈልግም» አልሁ። «ለቅሶ ቤትም ማንም አይፈትሽም፤ ባንዳንም እናት ወልዳዋለች። ነገ መርዶ ይነገር።»

«እማ፣ ለቁም ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው» አለች ደብሬ።

«ሟርትስ ቤት ሲቃጠል ነው።»

ልየው ከቃሬዛው ላይ ቀና አለና፣ «ሞትሁ ማለት ነው?» አለ።

«ለጥቂት ቀን ነው» አልሁት።

ጓዳ እንዳናስተኛው፣ ጓዳው ንፍሮ በሚቀቅሉ ሴቶች ይሞላል። ቤት ውስጥ ግን ሰው የሚያህል ጎታ አለን፤ የዚያን ዓመት ባዶ ነበር። በላይ በኩል አስገባነው። ከታች እህሉ የሚዘረገፍባት፣ ክንድ የምታስገባ አፍ አለችው፤ በእሷ ይተነፍሳል፣ በእሷ ይበላል። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ደግሞ የሟች ልብስ አልጋ ላይ ይዘረጋል፤ ሰው ያንን እያየ ያነባል። ልየው ያለው ልብስ የለበሰው ነው። ጥይት የበሳው፣ ደም ያለበት ጋቢ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ገፍፌ ወሰድሁት። እሱን በአህያ ጆንያ ጠቀለልሁት።

ሙጪትን ደብረ ኤልያስ አክስቷ ዘንድ ልሰዳት ወስኜ ነበር። አባትሽ ሞተ ልበላት? አንጀቴ እምቢ አለኝ። አለ ልበላት? ያ ለገበያ ማወጅ ነው። ስለዚህ የሚወስዳት ሰው ልፈልግ ወጣሁ። መንገድ ላይ የስንዱ ላም ምጥ ይዟት አገኘኋት። ጥጃው በኋላ እግሩ ነው የመጣው፤ እንዴት ትቼ እሄዳለሁ? ጥጃውን ስናወጣ፣ እንገሩን ስንቀምስ፣ ቤቴ ስደርስ ለምን እንደወጣሁ ያስታወሰኝ የሙጪት ፊት ነው። መሽቷል። ቀረች።

እሑድ ማለዳ ከሁለቱ ተሸካሚዎች አንዱ ጉብታው ላይ ቆሞ መርዶውን ተናገረ። አገሩ ደረቱን እየመታ መጣ። ዳስ ተጣለ። ልየው ለካ የተወደደ ሰው ኖሯል፤ ሦስት ጊዜ ብቻ አብረውት እህል ያበራዩ ሁሉ እየወደቁ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ስጀምር ለማስመሰል ነበር፤ ጋቢውን ሳየው ግን፣ ደሙን ሳየው፣ ነገሩ እውነት ሆነብኝ። «ልጄ ያልወለድሁህ፣ እንጨት ሳልጠይቅህ የፈለጥህልኝ» እያልሁ ጉንጬን ፈጀሁት።

ይሄኔ ሙጪት ጆሮዬ ሥር መጣች። የሷ ሹክሹክታ ከሰው ጩኸት አይተናነስም።

«እምዬ፣ ጎታው ጣት አለው።»

ሽምብራ የቀረ እንደሆን ብላ በጎታው አፍ እጇን ሰዳ የእግር ጣት ይዛለች። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ወይኔ ጎታዬ፣ ባዶ ቀረህ ጎታዬ» ብዬ አለቀስሁና እየጎተትሁ ጓሮ ወሰድኋት።

«ማነው ያለው መሰለሽ?»

«አባባ ነዋ። አውራ ጣቱ ላይ መጥረቢያ የመታው ጠባሳ አለ።»

ሁለት ክረምት ያላየችውን አባቷን በእግር ጣቱ አወቀችው። ቁጢጥ ብዬ ሁለት እጇን ያዝሁና፣ «ስሚኝ፤ ለአንድ ሰው ብትናገሪ ይወስዱታል። ከወሰዱት አይመለስም» አልኋት።

«እሺ።»

«ሙጪት፣ ወደ እኔ ተመልከቺ።»

«እሺ አልሁሽ እኮ» አለች፤ አንድ እግሯ ግን አጥሩ ላይ ወጥቷል።

እውነት ለመናገር ያች ምስጢር ከአፏ አልወጣችም። የወጣው ሌላው ሁሉ ነው። ከሰዓት አልቃሽ መጣች፤ ጌጤ ትባላለች፣ ድንጋይ የምታስለቅስ ሴት። ዳሱ መሐል ቆማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጀመረች፦

«ነጭ ፈረስ ጋላቢ፣ ባለ ሰባት በሬ፣
እንዳንተ ያለ የለም፣ ጀግና ከገበሬ።»

ሰዉ ሁሉ ሲንሰቀሰቅ የሙጪት ድምፅ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ወረደ። እንዴት እንደወጣች እንጃ።

«ሁለት በሬ ነው ያለን። አንዱም የእምዬ ነው።»

ጌጤ እንዳልሰማች ሆና ቀጠለች። ነጩን ፈረስ በወርቅ ኮርቻ ጫነችው።

«ፈረስ የለንም» አለች ሙጪት። «አህያ ነው ያለን። እሷም ትነክሳለች።»

ሰዎቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሩቅ ሆኖ ላየው ከባድ ለቅሶ ነው። ጌጤ ደግሞ እልኸኛ ናት፣ ወደ ድምፁ ተሻገረች፤ ልየው ሲያቅራራ ጋራው ይመልስለት ነበር አለች።

«አባባ ሲያቅራራ ውሻው ነው የሚመልስለት።»

«ወይ ይችን ልጅ ያዙልኝ፣ ወይ ራሷ ታልቅስ» ብላ ጌጤ ነጠላዋን አንስታ ተቀመጠች።

ሰው ሲበተን ጎታውን አንኳኳሁ። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለ ልየው ከውስጥ። «ነጭ ፈረስ ስትል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጅቱ አበላሸችው።» ቀጥሎም፣ «እርስዎስ፣ እንዲህ ይወዱኝ ኖሯል እንዴ?» አለኝ።

«ለባንዳው ብዬ ነው» አልሁና አፉን በጨርቅ ላላ አድርጌ ወተፍሁት። የጎታውን ማለቴ ነው።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ወደ አልጋው ስመለከት ጋቢው የለም። ሰው ባዶ አልጋ ከቦ ያለቅሳል። ሙጪትን ፈልጌ ፈልጌ ከገብስ ክምር ላይ አወረድኋት።

«ጋቢው የታለ?»

«በርዶት ነበር» አለች።

በጎታው አፍ ጥቅጥቅ አድርጋ አስገብታዋለች። ላወጣው ስል ቤቱ በሰው ሞላ። የጠየቀኝን ሁሉ «ለነፍሱ መጸወትሁት» አልሁ። ሰዉ በደግነቴ እንደ አዲስ አለቀሰ። ስንዱ ብቻ አላለቀሰችም። ጎታውን ተደግፋ እንዝርቷን እያሾረች ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

የዚያን ቀን ሹሙ ቤታችንን ማቃጠል ነበረበት። ለቅሶ መሆኑን ሲሰማ አንድ ቀን ታገሠ፤ «በሰልስቱ መጥቼ የሞተበትን ልብስ በዓይኔ አያለሁ፤ ካላየሁ እሳቱ አይቀርም» ብሎ ላከብን። እንግዲህ የእኔን ጭንቀት እዩልኝ። ጋቢውን አውጥቼ ልዘርጋ ብዬ በማለዳ ተነሳሁ። ተነሳሁ ነው የምላችሁ። ወደ ጎታው ስሄድ ዶሮዋ ጤፍ ዱቄት ውስጥ ስትታጠብ አየኋት። እሷን ሳባርር ድስቱ ገነፈለ። ድስቱን ሳወርድ ጨው የለም። ጨው ልበደር ወጥቼ፣ ደጀን ላይ የጣሊያን መኪና ገደል ገባ የሚል ወሬ ሰምቼ፣ ወሬውን ለደብሬ ልነግራት ስሮጥ ሰዎች እየገቡ ነው። ጋቢው እዚያው ቀረ።

ቢያንስ ሙጪትን ልያዛት ብዬ መቀነቴን ፈታሁ። ረጅም ነው፤ ሦስቴ ይዞረኛል። አንዱን ጫፍ በሷ ወገብ፣ አንዱን ጫፍ በእኔ ወገብ አሰርሁ። «ዛሬ የት ትሄጃለሽ?» አልኋት። መቀነቱን አየችና በዓይኗ ለካችው ወይስ ሳቀችብኝ፣ አላወቅሁትም።

ሹሙ ሁለት ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች በር ላይ አቁሞ ገባ። ለክብሩ አጎዛ የተነጠፈለት መደብ ላይ ተቀመጠ። መደቡ ያለው ከጎታው አጠገብ ነው፤ ክንዱን ቢዘረጋ ይነካዋል። እኔና ሙጪት ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ነን። «እግዜር ያጽናችሁ» አለና ዓይኑ ቤቱን መዞር ጀመረ።

ይሄኔ አየሁት። የጎታው አፍ ጨርቅ ወድቋል። በቀዳዳው አንድ ስንዝር የጋቢ ጫፍ፣ ከነዘርፉ፣ ከነደሙ፣ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ከሹሙ ጫማ እሱ ድረስ አንድ እርምጃ የለም።

ምን ላድርግ? ብነሳ ያየኛል። ባልነሳ ያየዋል። ሙጪትን ሳያት እሷም ያንኑ ታያለች። ለነገሩ ያች ልጅ ያላየችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ቀስ ብላ ተነሳች። እያዛጋች፣ ነጠላዬን እየጎተተች፣ መቀነቱ እስኪወጠር ድረስ ሄዳ ጀርባዋን ለጎታው አፍ ሰጥታ ቁጭ አለች።

ሙጪት። ቁጭ። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ጋቢውስ?» አለኝ ሹሙ። «ልብሱን አያለሁ ብዬ ልኬ ነበር።»

ብድግ አልሁ። «ለነፍሱ መጸወትሁት ጌታዬ።»

ብድግ ስል መቀነቱ ተወጠረ፤ ሙጪት ከጎታው አፍ አንድ ጋት ተሳበች። መልሳ ሳበችኝ። ቁጭ አልሁ።

«ለማን?»

ብድግ አልሁ። «ለአንድ መነኩሴ።»

ሳበችኝ። ቁጭ።

«የት ያለ መነኩሴ?»

«ወደ መርጡለ ማርያም የሚያልፍ።» ለካ ደግሞ ቆሜያለሁ።

«ደም ያለበትን ጋቢ ለመነኩሴ?»

«አጥቤው ነው እንጅ።»

«በዚህ ዝናብ በአንድ ቀን ደረቀ?»

ይህን ጊዜ ሙጪት ከወዲያ ሆና፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «እምዬ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ለሷ ያልሁትን። እንዴት እንዳለችውም የእኔኑ ድምፅ ነው። ቁጭ ማለት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ሹሙ ዝም ብሎ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲል አልችልም። «ንፍሮ ሳይቀምሱማ አይሆንም» ብዬ ወደ ጓዳ በረርሁ።

መታሰሬን ረስቼው ነው። ሙጪት ግን አስባበት ኖሮ መቀነቱን ከወገቧ አውልቃ ለቃዋለች፤ ካለቀቀችው ከጎታው ይነቅላታል። ጫፉ መሬት ለመሬት ይከተለኛል። ንፍሮውን ከነውሃው በድስት ይዤ ስመለስ የራሴን መቀነት ረገጥሁ። የሄድሁት በአየር ነው። እኔ ሹሙ እግር ሥር፣ ድስቱ ሹሙ ጭን ላይ። ያ የጣሊያን ካፖርት ስንዴና ባቄላ ጠገበ።

ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ከካፖርቱ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ይሰማል። ሹሙ ቆመ። አንድ ባቄላ ከኪሱ አውጥቶ ተመለከታት። ቀጥሎ እኔን ተመለከተኝ፣ ጫማው ሥር፣ ሻሼ ወልቆ። ከእኔ ወደ ሙጪት ዞረ። ሙጪት ሐውልት ሆናለች።

«እኔ ልየው መሞቱን ተጠራጥሬ ነበር» አለ። «እንዲህ ካለች አማት ጋር የኖረ ሰውማ ዐርፏል። ልጅቱን እይዋት እስቲ፤ ሐዘኑ ምን ያህል ቢገባት ነው እንዲህ የደረቀችው?» ካፖርቱን እያራገፈ ወጣ። ለጣሊያኑም «ሞቷል፤ ቤቱን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ እንደነገረ ሰማን። ቤቱ ቆሞ ቀረ፣ ይኸው እስካሁን እኖርበታለሁ።

ሰዉ ተከትሎት ሲወጣ እያነከስሁ ወደ ሙጪት ሮጥሁ። «ተነሽ የኔ እናት፤ ሄዷል።»

«ቆይ፣ አልጨረሰም» አለች።

አንድ እጇ ከጀርባዋ በኩል ጎታው ውስጥ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልየው ከጋቢው ዘርፍ ክር መዝዞ ጣቶቿን ያስራል፣ እሷ በአንድ እጇ ሳታይ ትፈታለች፣ እንደገና ያስራል። ሹሙ ያን ሁሉ ሲጠይቀኝ አባትና ልጅ ይጫወቱ ነበር። ሙጪት ቁጭ አላለችም ማለት ነው፤ እግሯ የሚሮጠውን ጣቷ ሮጠላት እንጅ። ከዚያ ወዲህ ያን ዘዴ ያዝሁት። እጇን ሥራ ካስያዝሁት እግሯ ይረጋልኛል። ከአምስቱ እንዝርት አንዱን ሰጠኋት፤ እየሄደች ትፈትላለች፣ እየዘለለች ትፈትላለች፣ ክሯ ግን አይበጠስም። እሳት ጭረሽ ነይ ስላትም ገሉ ላይ ሌላ ሥራ እጨምርበታለሁ፤ «እፍ እያልሽ ነይ» እላታለሁ። አሁን እሳቱም ይመጣል። አንዳንዴ ከድመት ጋር።

ልየው በሃያ ቀኑ በእግሩ ወደ ዱሩ ተመለሰ። ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘመድ ወዳጁ ባለቀሰበት ደጅ፣ እያቅራራ ገባ። ውሻው መለሰለት። ያለቀሰው ሰው ሁሉ እያቀፈ ሳመው፤ ጌጤ ብቻ የሙሾዋን ድካም አስባ ሁለት ቀን አኮረፈችው።

ልየው በገባ በሦስተኛው ቀን ስንዱ እንዝርቷን ይዛ መጣች፤ እንደ ልማዷ ተቀመጠች። እኔ ስለዚያ ጉድ እያወራኋት፣ ከመሐል ተነስቼ እሳቱን ቆስቁሼ፣ ተመልሼ፣ ደግሞ ዶሮዋን አባርሬ ተመለስሁ። ሙጪት ከውጭ አጥር ለአጥር ስትሮጥ ይሰማል። «እግዜር ያሳይሽ» አልኋት፤ «ሹሙ አፍንጫ ሥር ሆኜ እንኳ የሚያሰጋኝ ይችው ልጅ ነበረች። ከአባቷ ወገን የመጣ ነው፤ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።»

ስንዱ እንዝርቷን አቆመች። እሷ እንዝርት ስታቆም ትልቅ ነገር ነው።

«አባቷማ ሦስት ቀን ጎታ ውስጥ ሳይነቃነቅ ተቀምጧል» አለችኝ። «ጀርባዬን ሰጥቼው የዋልሁት እኔ ነኝ፤ ትንፋሹን ስሰማ ነበር። ልጅቱም በጭንቁ ቀን ቁጭ ብላለች። መቀነቱን ስታስሪ ሳይሽ እኔማ፣ ‹ጎሽ፣ አሁን ልጅቱ አያቷን ትይዛታለች› ነው ያልሁት።»